የስዊምራን ዕቃን በቤት ውስጥ ማሰናዳት፦ ከተንሳፋፊው እስከ መሳቢያ ገመዱ

«ለስዊምራን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ሳልገዛ፣ ባለኝ የትራያትሎን ዌትሱትና የሩጫ ጫማ መወዳደር እችላለሁ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። (ዌትሱት በቀዝቃዛ ውሃ ለመዋኘት የሚለበስ የላስቲክ ልብስ ነው።) ይቻላል፤ ግን ዕቃው እንዳለ አይሆንም። በትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ በሚደረጉበት ውድድር) ዋናው ሲያልቅ ዌትሱቱ ይወልቃል፣ ጫማ ይደረጋል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ የለም። በስዊምራን ግን ከደሴት ወደ ደሴት እየተዋኘ፣ በየደሴቱ እየተሮጠ፣ ውሃ ውስጥ ያለው ሁሉ መሬት ላይም አብሮ ይሄዳል። ጫማ ተደርጎ ይዋኛል፣ ዌትሱት ተለብሶ ይሮጣል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ሳይወልቅና ሳይፈታ ከዋና ወደ ሩጫ የማይሻገር ዕቃ አይጠቅምም።

መመሪያው የተዘጋጀው ሁለት ሁለት ሆነው ለሚወዳደሩ ነው። መለኪያ የተደረገው በስዊድን የስቶክሆልም ደሴቶች ላይ የሚካሄደው የኦቲሎ ውድድር ነው። እዚያ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከ10 ሜትር በላይ መራራቅ አይፈቀድላቸውም፤ ተንሳፋፊ ከ100 በ60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የተነሡበትን ዕቃ በሙሉ ይዘው መጨረስ አለባቸው። ሌሎች ውድድሮች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ መቀስ ከማንሣትዎ በፊት የሚገቡበትን ውድድር ደንብ ያንብቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለተንሳፋፊው፦
- አንድ ወጥ የሆነ፣ በጭን መካከል የሚያዝ የዋና መለማመጃ ተንሳፋፊ (የአዋቂ ልክ)
- 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሚለጠጥ የላስቲክ ገመድ፣ 2 ሜትር
- አራት ሰፋፊ የካፖርት አዝራሮች

ለመሳቢያው፦
- ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚለጠጥ ገመድ፣ 4 ሜትር፤ ደማቅ ቀለም ቢሆን ይመረጣል
- ሁለት ትንንሽ መንጠቆዎች፣ የማይዝግ ብረት ወይም አሉሚኒየም
- ሁለት የወገብ ቀበቶዎች፦ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቦርሳ ማንገቻ፣ በአንድ እጅ ተጫን ሲሉት የሚፈታ የፕላስቲክ ዘለበትና አንድ አንድ የብረት ቀለበት
- የፖሊስተር ክር

ለዌትሱትና ለጫማ፦
- የኒዮፕሪን (ዌትሱት የሚሠራበት ላስቲክ) ማጣበቂያ፣ አንድ ቱቦ
- ስለታም የልብስ ሰፊ መቀስ፣ ጠመኔ፣ ሜትር
- ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምስማር፣ ፒንሳ፣ ሻማ ወይም ላይተር
- የላስቲክ የጫማ ማሰሪያ

ከእነዚህ ሌላ መሰርሰሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ፊሽካ፣ የግፊት ፋሻ (ቁስልን ተጭኖ ደም የሚያቆም) እና ሁለት ጠንካራ ውሃ የማያስገቡ ከረጢቶች ያስፈልጋሉ።

ከሥራው ሁሉ ሊመለስ የማይችለው ዌትሱት መቁረጥ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ብዙ ሰው ከእሱ ይጀምራል፤ ተንሳፋፊው ምን ያህል እንደሚያነሣው ሳያውቅ የዌትሱቱን እግር ይቆርጥና በኋላ እግሬ ሰመጠ ይላል።

1. ተንሳፋፊውን ጭን ላይ ማሰር

ጫማና ካልሲ ውሃ ሲጠጡ እግርን ወደ ታች ይጎትታሉ። በጫማ እግር መምታት ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ብዙም አያስኬድም። ተንሳፋፊው ዳሌን ከፍ አድርጎ እግርን ያሳርፋል፤ ለሩጫው ማለት ነው። የሚታሰረው በአንድ ጭን ብቻ ነው፦ ሲዋኙ በሁለቱ ጭኖች መካከል ይገባል፣ ሲሮጡ በእጅ ገፋ ተደርጎ ወደ ጭኑ ውጭ ይዞራል።

ሀ. ተንሳፋፊውን ከጎን ሲያዩት ወገቡ የቀጠነ፣ ፊትና ኋላው ያበጠ ነው። ቀዳዳዎቹ የሚወጡት ባበጡት ክፍሎች ላይ ነው፤ ከቀኝ ጎን ገብተው በግራ ጎን ይወጣሉ። በእያንዳንዱ እብጠት ሁለት፣ በድምሩ አራት ቀዳዳ ይሆናል። ከሁለቱ ጫፎች 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከእብጠቱ ጠርዝ ደግሞ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ምልክት ያድርጉ። ለጠርዝ ከቀረበ ገመዱ ስፖንጁን እየቀደደ ይወጣል።

ለ. በ7 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ በዝግታ ይብሱ። ገመዱ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ 7 የሚያስፈልገው ስፖንጁ መሰርሰሪያው ሲወጣ ተመልሶ ስለሚጠብ ነው። ፍጥነት ከበዛ ስፖንጁ ይቀልጥና ቀዳዳው ይጣመማል። ጫፉ የተሳለ ቀጭን የብረት ቱቦ ካገኙ ከመሰርሰሪያው ይሻላል፤ እያዞሩ ሲጫኑት ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣል።

ሐ. ገመዱን በአዝራሩ ቀዳዳ አሳልፈው ይቋጥሩ (የአዝራሩ ቀዳዳ ከጠበበ በጋለ ምስማር ያስፉት)። ከዚያ በፊተኛው እብጠት አስገብተው፣ ጭኑን አዙረው፣ በኋለኛው እብጠት መልሰው ያውጡና በሌላ አዝራር ላይ ይቋጥሩ። አዝራሩ ባይኖር ቋጠሮው ቀስ በቀስ ስፖንጁ ውስጥ ሰምጦ ገመዱ ይላላል። በዚሁ ዓይነት ሁለተኛውን ቀለበት ይሥሩ። አንደኛው ቀለበት በተንሳፋፊው ላይኛ ጫፍ፣ ሌላው በታችኛው ጫፍ መሆኑ ነው።

መ. ልኩን ዌትሱት ለብሰው ይውሰዱ። ጭን ከላይ ሰፊ፣ ወደ ጉልበት ሲወርድ ቀጭን ስለሆነ የላይኛው ቀለበት ከታችኛው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ሁለቱን እኩል ማድረግ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የላይኛው ደም ያቆማል፣ የታችኛው ይንሸራተታል። ሁለት ጣት በገመዱ ሥር ሲያልፍ፣ 20 ጊዜ ሲዘሉ ደግሞ ተንሳፋፊው ካልወረደ ልክ ነው። ልኩ እስኪረጋ ድረስ ትርፉን ገመድ አይቁረጡ።

እግርዎ አሁንም ከሰመጠ፣ በእብጠቶቹ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ተጨማሪ ስፖንጅ ማጣበቅ ይቻላል። የጫማ ሶል የሚሠራበት ወይም የስፖርት ምንጣፍ የሚሠራበት ጠንካራ ስፖንጅ ይሆናል፤ የፍራሽ ስፖንጅ ግን ውሃ ይጠጣል። ከተጠራጠሩ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ደፍቀው ይጭመቁት፤ አረፋ ካወጣ ይተዉት። ሁለቱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ይቀቡ፤ ሲነኩት እጅ ላይ እስከማይቀር ድረስ (ከ10 እስከ 15 ደቂቃ) ካቆዩት በኋላ አጋጥመው በደንብ ይጫኑ። እርጥብ እያለ ካጋጠሙት ውሃ ውስጥ ይላቀቃል። ሥራው በር ተከፍቶ ይሁን፤ የማስቲሽ ሽታ ራስ ያዞራል፣ እሳትም አይቀርበውም።

2. መሳቢያ ገመድና ቀበቶ

ገመዱ ጠንካራው ዋናተኛ ደካማውን የሚጎትትበት ብቻ አይደለም። በማዕበል ውስጥ ኋለኛው ሰው ራሱን ቀና አድርጎ አቅጣጫ መፈለግ ሳያስፈልገው ፊተኛውን እንዲከተል ያደርገዋል፤ የ10 ሜትሩንም ደንብ ያስጠብቃል።

የሚለጠጥ መሆን አለበት። የማይለጠጥ ገመድ በእያንዳንዱ የእጅ ምት ወገብን ነጠቅ፣ ለቀቅ ያደርጋል፤ የሁለቱም የዋና ምት ይበላሻል።

ስንት ሜትር? ፊተኛው ሰው ከወገቡ እስከ እግር ጣቱ ወደ 1 ሜትር ይሆናል። ኋለኛው እጁን ሲዘረጋ ከሆዱ እስከ ጣቱ ጫፍ 1.2 ሜትር ገደማ አለው። ስለዚህ ከ2.2 ሜትር ያጠረ ገመድ ማለት የኋለኛው እጅ በፊተኛው ጫማ መመታት ማለት ነው። ተቋጥሮ ሲያልቅ ሳይለጠጥ 2.5 ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ረጃጅሞች 3 ሜትር ያድርጉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሲሮጡ እግር ውስጥ ይገባል።

ሀ. የገመዱን ሁለት ጫፎች በላይተር ጠብሰው ክሩ እንዳይፈታ ያድርጉ። በየጫፉ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ሠርተው መንጠቆ ያስገቡ። ከቋጠሮው ወዲያ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉ፤ የሚለጠጥ ገመድ ሲወጠር ስለሚቀጥን አጭር ጫፍ ከቋጠሮው ያመልጣል። ትርፉን በክር ጠቅልለው ይሰፉት።

ለ. በእያንዳንዱ መንጠቆ መክፈቻ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን የመሳቢያ ክር ያስሩ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ ዶቃ ወይም የቡሽ ቁራጭ ያድርጉበት። በበረደ ጣት፣ ያውም ፓድል (መዳፍ ላይ የሚደረግ የዋና መቅዘፊያ ሰሌዳ) ባጠለቀ እጅ፣ ትንሽ መንጠቆ መክፈት አይቻልም።

ሐ. በገመዱ መሐል ትንሽ ቀለበት ሰፍተው ያኑሩ። ሲሮጡ አንደኛውን መንጠቆ ከዚህ ቀለበት ጋር አያይዘው ገመዱን ያሳጥሩታል።

መ. የፊተኛው ሰው ቀለበት በቀበቶው ጀርባ፣ የኋለኛው በሆድ በኩል ይሰፋል። በአራት ማዕዘን ሰፍተው መሐሉን በመስቀለኛ ስፌት ያጠናክሩ፤ ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ ጨውና እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። ቀበቶው ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንት ላይ ይታሰራል። ከፍ ብሎ ከታሰረ ሲጎተት ወደ ጎድን ወጥቶ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ገመዱን በእጅ አንጓ፣ በትከሻ ወይም በአንገት ላይ በጭራሽ አያስሩ። ማዕበል በሚመታው ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ሲገቡና ሲወጡ፣ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ መካከልም ሲሮጡ ይፍቱት። አንዱ ከዓለቱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ቢያልፍ ገመዱ ሁለቱንም ይጥላል። ከውድድር በፊት ጓደኛዎ አጥብቆ እየጎተተ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው በአንድ እጅ ይፍቱ። ሦስት ሰከንድ ካለፈ መንጠቆውን ይቀይሩ። መንጠቆው ካልተፈታ ደግሞ ቀበቶውን ራሱን በዘለበቱ መልቀቅ ሁለተኛው መውጫ ነው፤ ይህንንም ይለማመዱ።

3. ጫማ

ጎሬቴክስ ወይም ሌላ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ጫማ አይሆንም። ውሃ ከላይ በአንገቱ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ቀጭን መረብ ያለው፣ ጥርሱ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሶሉ ለስለስ ያለ የጫካ ሩጫ ጫማ ይምረጡ። እርጥብ ዓለት ላይ የሚይዘው የሶሉ ልስላሴ ነው፤ ጥርሱ ለጭቃ ነው።

ከመብሳትዎ በፊት መዝኑት። ደረቁን መዝነው፣ አንድ ደቂቃ ውሃ ውስጥ ደፍቀው፣ አድርገውት 30 እርምጃ ከሮጡ በኋላ እንደገና ይመዝኑ። ጭማሪው ከ150 ግራም በታች ከሆነ አይንኩት። ከበለጠ መጀመሪያ ወፍራሙን የውስጥ ንጣፍ በቀጭን ይቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ ውሃውን የያዘው እሱ ነው። ያም ካልበቃ ምስማሩን በፒንሳ ይዘው አግለው በጫማው ወገብ፣ ከሶሉ ከፍ ብሎ መረቡ ከሚጀምርበት በላይ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይብሱ። የጋለ ምስማር የጨርቁን ጠርዝ አቅልጦ ስለሚዘጋው አይተረተርም። ጣት በሚታጠፍበት ቦታ አይብሱ፤ ከዚያ ይቀደዳል። ከ4 ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳ አሸዋ ያስገባል፣ አሸዋ ደግሞ እግር ይልጣል።

ማሰሪያውን በላስቲክ ይቀይሩ። ተራ ክር ሲረጥብ ይላላል፣ ጫማውም ዋና ላይ ሊወልቅ ይችላል። ካልሲው ቀጭን ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ይሁን፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ከሆነ እግርን ከቁጥቋጦና ከዓለት ይከላከላል።

4. ፓድል

የእጅ አንጓውን ማሰሪያ አውልቀው የመሐል ጣቱን ብቻ ያስቀሩ። አንጓው ላይ የታሰረ ፓድል ዓለት ይዘው ሲወጡ ቶሎ አይወልቅም። የጣቱ ቱቦ ትንሽ ጠበቅ ይበል፤ እጅ ሲበርድ ጣት ይቀጥናል። ሲሮጡ ፓድሉን ወደ ክንድዎ ጀርባ ማዞር ወይም በቀበቶው ላይ መሰካት ይቻላል።

ትልቅ ፓድል መምረጥ ፈጣን አያደርግም። ትከሻው ያልለመደ ሰው ከመዳፉ ትንሽ ብቻ በሚበልጥ ይጀምር።

5. ፊሽካና ፋሻ

ፊሽካው ውስጡ ኳስ የሌለው ይሁን፤ ኳሱ በውሃ ይጣበቃል። በ20 ሴንቲ ሜትር ክር አንገት ላይ ሳይሆን ዌትሱቱ ላይ፣ ከአፍ በሚደርስበት ቦታ ይሰፋል። የግፊት ፋሻው በአንድ ከረጢት፣ እሱም በሌላ ከረጢት ይገባል፤ አየሩን በደንብ ያስወጡ። አየር የያዘ ከረጢት ዌትሱት ውስጥ ያብጣል፣ በሩጫም ይፈነዳል። አንድ ሌሊት ባልዲ ውስጥ በድንጋይ ተጭኖ አድሮ ደረቅ ከሆነ አስተማማኝ ነው።

6. ዌትሱቱን መቁረጥ

አምራቹ የሰጠው ዋስትና ከመጀመሪያው መቀስ ጋር ያበቃል። ለዚህ ሥራ ያረጀ ዌትሱት ይሻላል።

ሀ. መጀመሪያ ሳይቆርጡ ለብሰው 2 ኪሎ ሜትር ይሩጡ። የት እንደሚፍቅ፣ የት እንደሚያፍን በዚያ ይታወቃል። ተንሳፋፊውንም አስረው ይዋኙ።

ለ. የእግሩ መቁረጫ ከጉልበት አጥንት በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። በጉልበት እጥፋት ላይ የሚያርፍ ጠርዝ በየእርምጃው ቆዳ ይልጣል። ለብሰው በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ አውልቀው ከምልክቱ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ይቁረጡ። ኒዮፕሪን ሲለበስ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ለማሳጠር ሁልጊዜ ጊዜ አለ፣ ለመቀጠል ግን የለም።

ሐ. ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በረጅሙ ይቁረጡ። ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ ከሄዱ ጠርዙ መጋዝ ይመስላል፣ ከየጥርሱም መቀደድ ይጀምራል። ሁለቱን እግር ደራርበው አይቁረጡ፤ የታችኛው ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን ቆርጠው የተቆረጠውን ቁራጭ ለሁለተኛው መለኪያ ያድርጉት።

መ. ስፌቱ በተቆረጠበት ቦታ መፈታት ይጀምራል። ከጠርዙ ወደ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ የኒዮፕሪን ማጣበቂያ በስሱ ይቀቡ፤ 10 ደቂቃ ቆይተው ይድገሙ፤ መጣበቅ ሲጀምር ይጫኑት፤ 24 ሰዓት ይተዉት። ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ። ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ልብሱ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቆዳ ይቆርጣል።

ሠ. እጅጌውን ለመቁረጥ አይቸኩሉ። የሚገቡበት ውድድር ውሃ ቀዝቃዛ ከሆነ (የስቶክሆልም ደሴቶች በፈረንጆች ሴፕቴምበር ቀዝቃዛ ናቸው) ሙሉ እጅጌ ይቆይ። ከቆረጡ ደግሞ ከክርን በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፣ ምክንያቱም እንደ ጉልበቱ ነው።

ረ. ከተቆረጠው እግር 15 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ወስደው በዌትሱቱ ውስጥ፣ ደረት በኩል፣ በሦስት ጎን ያጣብቁ። ለፋሻውና ለአንድ ሁለት የኃይል ጄል ኪስ ይሆናል። ቀሪውን አይጣሉ፤ ዌትሱት ሲቀደድ ከዚያው የሚለጠፍ ጥጋኝ ይወጣል።

የትራያትሎን ዌትሱት ዚፕ ከኋላ ነው። ወደ ፊት ለማዞር ቤት ውስጥ አይሞክሩ፤ ውሃ ያስገባል። ይልቅስ የዚፑን መሳቢያ በሌላ ክር አስረዝመው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቬልክሮ ሰፍተው ያሳርፉት፤ አለዚያ ፓድል ይይዘዋል። ረጅም ሩጫ ሲመጣ ዚፑን ከፍተው እስከ ወገብ ያውርዱ። ሙቀት እስኪያዞር አይጠብቁ፤ ኒዮፕሪን ላብን አያስወጣም፣ የሰውነት ሙቀት ቶሎ ይጨምራል።

7. አጠቃላይ ሙከራ

ሁሉን ለብሰው፣ ከጓደኛዎ ጋር ታስረው፣ 300 ሜትር ይዋኙ፣ 1 ኪሎ ሜትር ይሩጡ፤ ይህን አራት ጊዜ ይደጋግሙ። አንድ ዙር አይበቃም፤ የሚፍቀው ነገር የሚታወቀው ዕቃው ሁለተኛ ጊዜ ረጥቦ አሸዋ ከያዘ በኋላ ነው። ከውሃ ወጥተው ተንሳፋፊውን ለማዞር፣ ፓድል ለማውለቅና ገመድ ለማሳጠር የሚፈጅብዎ ጊዜ ከ20 ሰከንድ ካለፈ፣ ቆመው ሳይሆን እየተራመዱ ማድረግን ይለማመዱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሞክር ሰው የውሃውን ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ። በጣናና በዝዋይ ሐይቅ ቢልሃርዝያ አለ፤ በአባያና በጫሞ አዞ አለ። ለዚህ ሙከራ ገንዳ ይበቃል። ገንዳውን አስፈቅደው የታጠበ ጫማ ይዘው ይግቡ። በጨዋማ ባሕር ሰውነት ከገንዳ ይልቅ ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ፣ ገንዳ ላይ የሠራ ተንሳፋፊ ባሕር ላይም ይሠራል፤ ተቃራኒው ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

አንገት፣ ብብትና የተቆረጡት ጠርዞች የሚያርፉበት ቦታ ቅባት ይፈልጋሉ። ቫዝሊን ላስቲክን ቀስ በቀስ ያበላሻል፤ ለኒዮፕሪን የተዘጋጀ የስፖርት ቅባት ይጠቀሙ። ቅባቱን ሌላ ሰው ይቀባዎ ወይም እጅዎን በደንብ ያብሱ፣ አለዚያ መነጽሩም መንጠቆውም ይንሸራተታል።

ሲሳሳት ምን ይታያል?

- ሲሮጡ ተንሳፋፊው ወደ ጉልበት ይወርዳል፦ የታችኛው ቀለበት ላልቷል። በ2 ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩ።
- ሲዋኙ ዳሌ ይንከባለላል፦ ተንሳፋፊው በዝቷል ወይም ወደ አንድ ጎን ተጣብቋል። ከተለጠፈው ስፖንጅ ይቀንሱ።
- ገመዱ ዘወትር ልል ነው፦ ኋለኛው ከፊተኛው ይፈጥናል። ቦታ ይለዋወጡ።
- ገመዱ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው የተወጠረ ነው፦ ፊተኛው ከሚችለው በላይ እየሄደ ነው፣ ወይም ገመዱ ቀጥኗል። 5 ሚሊ ሜትሩን ይሞክሩ።
- በብብት ሥር ይቆስላል፦ ዌትሱቱ በደንብ ወደ ላይ ሳይሳብ ተለብሷል። ከመቁረጥ በፊት እንደገና ለብሰው ከክንድ ወደ ትከሻ እየሳቡ ያስተካክሉ።
- መንጠቆው አልከፈት ይላል፦ ጨው ነው። ከእያንዳንዱ የባሕር ልምምድ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁ። የላስቲክ ገመዱ ክር መሰንጠቅ ሲጀምር ሙሉውን ይቀይሩ፣ አይቀጥሉት።